«ወረዱ ወይ?» ብቻ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 «ለ8 ቀን» ተብለው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥተው ከ9 ወር በላይ የከረሙትን ቡች ዊልሞርንና ሱኒ ዊሊያምስን ገላን ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ቡና ቤቱም ታክሲውም «ወረዱ ወይ?» ይል ነበር። አንድ ወዳጄን «ለመሆኑ እዚያ ምን ሲሠሩ ከረሙ?» አልኩት። «ሲንሳፈፉ ነዋ!» አለኝ።

በእሱ አልፈርድም። ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ከዚህ ሌላ መቼ ነገረው? እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2000 ጀምሮ ሰው ተለይቶት የማያውቅ ቤተ ሙከራ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በየ90 ደቂቃው ምድርን ይዞራል። እኛ ግን እንደ አውቶቡስ ተራ አስከባሪ የገባና የወጣ እንቆጥራለን። የተገኘውን ማን ይከታተል?

ኢኮስትረስ የሚባለውን መሣሪያ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጣቢያው ላይ ተገጠመ፤ የመሬትን ወለል ሙቀት 70 ሜትር ገደማ በሆነ ቁራሽ ለይቶ ይለካል። ተክል ውኃ ሲያጣ ይግላልና፣ ከዚያ ሙቀት ተነስቶ ሰብሉ ምን ያህል ውኃ እንደሚያተን ይሰላል። ብዙዎቹ የመሬት ቃኚ ሳተላይቶች ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ነው የሚያልፉት። ጣቢያው ግን አንዴ በጧት፣ አንዴ በቀትር፣ አንዴ በውድቅት ሌሊት ይመጣል። ማሳና መጋዘን ትከሻ ለትከሻ በቆሙበት ገላን ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ጤፉ በቀትር ስንት ዲግሪ ነው? አጠገቡ የተዘረጋው የፋብሪካ ቆርቆሮስ? ሲመሽ የትኛው ቶሎ ይበርዳል? ጌዲ የተባለው ሌላው መሣሪያ ደግሞ በሌዘር የዛፍ ቁመት ይለካል። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ከሱሉልታ በኩል እየቆጠረ «ደናችን እንዲህ ሆነ» የሚል ሁሉ ሊያውቀው በተገባ ነበር።

«ዳቦ ሳይኖር ጠፈር ምን ያደርጋል?» የምትሉ፣ መረጃው በነፃ ነው! የወጪው ከፋይ ሌላ፣ የሚለካው መሬት የእኛ።

ደግሞ ሌሎቹን እዩ። ጋናና ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኬንያ በ2018፣ ሞሪሺየስ በ2021፣ ዑጋንዳና ዚምባብዌ በ2022 ትንንሽ ሳተላይቶቻቸውን ከዚሁ ጣቢያ፣ በጃፓኑ ኪቦ ክፍል በኩል ለቀዋል። የጋናውን የሠሩት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። እኛስ? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ሳተላይታችን ከቻይና ሲወነጨፍ እንጦጦ ላይ ተሰብስበን አጨበጨብን። ማጨብጨቡ ደግ ነበር፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን ያነሳውን ምስል ስንቶቻችን አይተናል? በዚያ ምስል የተወሰነ አንድ ነገር ጥሩ ብትባሉ ስንቶቻችሁ ትጠራላችሁ?

የዜና አዘጋጆች ሆይ፣ ቀጣዩ ሮኬት ሲነሳ የተሳፋሪውን ስም ብቻ አታንብቡልን። የጫነው መሣሪያ ምን ይለካል? ውጤቱ መቼ ይወጣል? ወጥቶስ ለሰበታው ገበሬ በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ማን ያስረዳናል? ባለሙያ የለም እንዳትሉኝ። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖችም ተመራማሪዎችም አሉ፤ ተራራው ከስቱዲዮአችሁ መስኮት ይታያል። ደውሉላቸው።