የአያታችሁን የመድኃኒት ፌስታል ከፍታችሁት ታውቃላችሁ?

በአብዛኛው ቤት አንድ ፌስታል አለ። ልጆች እንዳይነኩት ከፍ ብሎ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም ከአልጋ ራስጌ ይቀመጣል። ውስጡ የአያት ወይም የአባት መድኃኒት ነው። የደም ግፊቱም፣ የስኳሩም፣ የጨጓራውም፣ የወገቡም እዚያው ተቀላቅሏል። የአንዳንዱ ጽሑፍ ተፍቋል፣ የአንዳንዱ ጊዜ አልፎበታል፣ አንዳንዱን ደግሞ ማን እንዳዘዘው ባለቤቱም አያስታውስም።

እኔ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ከተመላላሽ ታካሚዎች ጋር ነው፤ ማለትም አልጋ ሳይዙ ታይተው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ቤታቸው ከሚመለሱት ጋር። ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ከእነሱ መካከል ስለ ቀድሞ ወታደሮች ነው፤ ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ ደጋ ስለሚመጡት። የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ሆስፒታል አይደለምና።

ከራቤል የሚመጣን ሰው አስቡት። ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ናት፤ ብርዷን የቀመሰ ያውቃታል። ሰውየው በውርጭ ተነሥቶ፣ መኪና ጠብቆ፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ፣ አድሮ፣ ተሰልፎ ሐኪም ያያል። ከዚያ እኛ ጋ ይደርሳል። እኛ ጋ ያለው ምንድን ነው? መስኮት። መስታወቱ ላይ እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቀዳዳዋ ላይ ይደቅናል። ብዙዎቹ ደግሞ በደንብ አይሰሙም፤ መድፍ አጠገብ የኖረ ጆሮ ነው። “ይሄን ጠዋትና ማታ፣ ይሄን ማታ ብቻ፣ ቀጣይ!” አንድ ደቂቃ ከሞላ ጥሩ ነው።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። ያኔ 25 ዓመቱ የነበረ ጎረምሳ ዛሬ 60 ዓመት ሆኖታል። ደም ግፊትና ስኳር የሚመጡበት ዕድሜ ማለት ነው። ከእሱ በኋላ ከባድመ የተመለሰው አለ፣ ከቅርቡ ጦርነት የተመለሰው አለ። ወረፋው የሚረዝም እንጂ የሚያጥር አይደለም።

አሜሪካኖች ለቀድሞ ወታደሮቻቸው ብቻ የዘረጉት የሆስፒታል መረብ አላቸው። ወደ 170 የሚጠጉ የሕክምና ማዕከላትና ከ1000 በላይ የተመላላሽ ሕክምና ቦታዎች አሉት፤ የተመዘገበው ሰው 9 ሚሊዮን ገደማ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ብዛቱ አይደለም። እዚያ ክሊኒካል ፋርማሲስቱ የራሱ ክፍልና የራሱ የቀጠሮ መዝገብ አለው። ሐኪሙ በሽታውን ለይቶ ሕክምናውን ካስጀመረ በኋላ ፋርማሲስቱ ታካሚውን እየጠራ ግፊቱን ይለካል፣ መጠኑን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፣ የማይስማማውን ይቀይራል። ይህን እንዲያደርግ በመመሪያ የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ 30 ዓመት ሆነው።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ መረብ የለም። የጦሩ ሆስፒታሎች አሉ፤ ነገር ግን ከ30 ዓመት በፊት ተበትኖ ግሼ ላይ ገብስ እያረሰ የኖረው ሰው የሚሄደው ሁላችንም በምንሰለፍበት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የቀድሞ ወታደር ፋርማሲስት ማለት በተግባር እዚያ መስኮት ጋ ያለው ሰው ነው።

አንድ ደቂቃው ምን እንደሚያሳጣን ልንገራችሁ።

ጡረታ የወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ደም ግፊታቸው አልወርድ ብሏል። በየቀጠሮው መጠኑ ይጨመራል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ሰው ቀለል ሲል አስቀመጥኳቸውና፣ “አባባ፣ ከዚህ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?” አልኳቸው። “የለም።” “ለእግርዎስ?” በጥይት የተመታ እግር ነው፤ ሲያነክሱ ይታያል። “እሱማ መድኃኒት አይደለም ልጄ፣ ማስታገሻ ነው” አሉኝ።

ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ነው። ያለ ማዘዣ እየገዙ ጠዋትና ማታ ይወስዱታል። ዳይክሎፌናክ ብቻውን ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሰውየው ደግሞ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እየወሰዱ ነው። ሦስቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ኩላሊትን የሚጎዱ መሆናቸው በሙያችን የታወቀ ነገር ነው፤ በተለይ ዕድሜው የገፋን ሰው። ሐኪሙ መጠን ሲጨምር የነበረው ያለጥፋቱ ነው፤ ማንም አልነገረውም። ሃምሳ አለቃውም አልዋሹም። በእሳቸው ቋንቋ መድኃኒት የሚባለው በሽታ የሚያድን ነው እንጂ ሕመም የሚያስረሳ አይደለም። ይህን ለማወቅ “ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ” ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ወንበር ያስፈልጋል።

ሌላው ሳል ነው። ራቤል ላይ የሚያስል ሰው ሁሉ “ብርድ መትቶት” ነው። ብርዱ አለ፣ አልካድኩም። ግን ኢናላፕሪል ከሚወስዱ 10 ሰዎች አንዱን ገደማ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚያሳክክ፣ ሌሊት የማያስተኛ። ይህን ያላወቀ ሰው ሽሮፕ ይገዛል፣ ከዚያ አሞክሳሲሊን፣ ከዚያ ሌላ አንቲባዮቲክ። ገንዘቡም ያልቃል፣ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለምዳል። መፍትሔው መድኃኒቱን ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ነው፤ ለምሳሌ አምሎዲፒን ወይም ሎዛርታን። (ይህን አንብባችሁ የማንንም መድኃኒት ራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ወስዳችሁ አስጠይቁ።)

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ጾም ነው። ወታደር ትእዛዝ አክባሪ ነው። ካርቶኑ ላይ “በቀን 2 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” ብለን እንጽፋለን። አባባ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዚያ አንዴ ይበላሉ፤ ስለዚህ አንዴ ይወስዳሉ። “ካልበላሁ እንዴት ከምግብ በኋላ እውጣለሁ?” ይሏችኋል፤ ትክክል ናቸው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹን አጽዋማትና ረቡዕና ዓርብን ስትደምሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ያን ሁሉ ቀን ግማሽ መድኃኒት ማለት ነው። የሚያሳዝነው አብዛኛው የደም ግፊት መድኃኒት ያለ ምግብም በውኃ ይወሰዳል፤ “ከምግብ በኋላ” የሚለውን ከልማድ ነው የምንጽፈው። ስኳር ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ግሊቤንክላሚድን ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት ያልበላ ሰው ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አንዱ ባለመውሰዱ፣ ሌላው በመውሰዱ ይጎዳል። ይህን በመስኮት ቀዳዳ እንዴት ታስረዳለህ?

“አቅም የለንም” የሚል መልስ እሰማለሁ። አልቀበለውም፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ችለነዋል።

የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ይጎድል ነበር። ቢሆንም ለዚያ መድኃኒት የተለየ ክፍል ተሰጠ። ወንበር ተቀመጠ። መዝገብ ተከፈተ፤ ቀጠሮ ያለፈው ሰው በስልክ ይፈለጋል፣ ቤቱ ድረስ ይኬዳል። ሰዎች ጸበልና መድኃኒት አይገናኙም ብለው መድኃኒቱን ሲተዉ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስድ ተፈቀደ። በዚህ ሁሉ ስንት ሰው ልጁን አሳድጎ ዳረ።

ታዲያ ለደም ግፊቱ ሃምሳ አለቃ ያ ወንበር ለምን ተከለከለ? የሱም በሽታ ዕድሜ ልክ ነው። የሱም መድኃኒት ሲቋረጥ ዋጋው ስትሮክ ነው፣ ኩላሊት ነው። እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ለኤችአይቪ የሠራነውን ክፍል፣ መዝገብና የረጅም ጊዜ አቅርቦት ለደም ግፊትና ለስኳርም እንሥራ፤ የቀድሞ ወታደሮች ከሚበዙባቸው ወረዳዎች እንጀምር። ሁኔታው የተረጋጋ የራቤል ሰው ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ፍሬ ኪኒን ደብረ ብርሃን ድረስ መመላለስ የለበትም፤ 3 ወር የሚበቃውን እዚያው ቅርቡ ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰድ። ባለፉት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ስንት ቀጠሮ እንዳለፈ በዚያ አካባቢ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ባለሙያስ? ትምህርቱ ከተቀየረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የፋርማሲ ዲግሪ 5 ዓመት ሆኖ ታካሚ ላይ ያተኮረ ተደርጓል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም በዓመቱ በክሊኒካል ፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉ፤ ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ናችሁ። የክልላችን ሆስፒታሎች አዲስ አሠራር አይችሉም የሚልም ካለ፣ ኦዲት የሚደረገው የመድኃኒት አሠራር መጀመሪያ የተሞከረው እዚሁ አማራ ክልል፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ዛሬ በዚያ አሠራር የትኛው ኪኒን ስንት እንደወጣ እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል። የወሰደው ሰው ምን እንደገባው ግን የሚቆጥር የለም።

ክፍሉ ደግሞ የግድ ሆስፒታል ውስጥ መሆን የለበትም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፋርማሲስቶችን ፀጉር ቤት ልከዋል። ከ52 ፀጉር ቤቶች ደም ግፊት ያለባቸው 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ተመረጡ። ከፊሎቹን ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ ሄዶ እየለካ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተስማምቶ መድኃኒት እያስተካከለ ተከታተላቸው። ሌሎቹን ፀጉር አስተካካዩ ሐኪም እንዲያዩ መከራቸው። በ6 ወር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ በ27 ወረደ፤ የሌሎቹ በ9 ገደማ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። መንዝ ላይ ሽማግሌ ፀጉር ቤት ውሎ አያውቅም፤ ግን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ይቀመጣል፣ ዕድር አለው፣ ማኅበር ይጠጣል። የነፍስ አባቱ “ጠዋት በውኃ ውጠው፣ ጾም አያፈርስም” ቢሉት እኔ ዓመት ሙሉ ከምለፋው ይበልጣል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ስልክ ያለው እናንተ ጋ ነው። ለበዓል ቤት ስትሄዱ ፌስታሉን አውርዱና ያለውን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱት። ስሙ የሚነበብበትን ገጽ አንሱ፣ ኪኒኑን ብቻ አይደለም፤ ነጭ ኪኒን ሁሉ ይመሳሰላል። አንድ መድኃኒት በሁለት የተለያየ ካርቶን ካያችሁ ምናልባት እጥፍ እየተወሰደ ነው። ማስታገሻውን፣ ቅባቱን፣ የባህል መድኃኒቱን አትርሱ። ኢንሱሊን ካለ የት እንደሚያድር ጠይቁ፤ ግሼ ላይ ችግሩ ሙቀት ብቻ አይደለም፣ ውርጭ ነው፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም፣ ይጣላል። መድኃኒት ጀምሮ ፊቱ ያበጠ ወይም ሰውነቱ ያሳከከ ሰው ካለ ቶሎ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነጻ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

ከዚያ ፎቶውን ከነፌስታሉ ይዛችሁ ፋርማሲስቱ ጋ ሂዱ፤ ወረፋ በማይበዛበት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። መስኮቱ ላይ አትቁሙ። “ገብተን ቁጭ ብለን ማናገር እንፈልጋለን” በሉ። ብዙዎቻችን ደስ ይለናል፤ የሚጠይቀን ስለሌለ ነው። ከተቻለ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አድርጉት። ያኔ ሰዓቱን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ጾሙ ከተያዘ በኋላ ግን አባባን ማሳመን የእናንተ ዕዳ ነው።