ቀሪውን የሚጠይቅ

ተማሪ ሳለን ከስም ጥሪ የበለጠ አሰልቺ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። «አቤት» ያለ ይታለፋል፤ ዝም ያለ ስሙ ሁለቴ ይጠራል፤ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ «አሞታል!» ወይም «ለቅሶ ሄዷል!» ይላል። መምህሩ ምልክት ያደርግና ይቀጥላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረ በሦስት ቀኑ ትምህርት ቤቶች ተዘጉና ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰራጨ፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶችም ቴሌግራም ላይ ተጠለሉ። ስም ጥሪውን ግን ወደ ቤት ያሻገረው አልነበረም። የእኔ ሙግትም እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቹን ከርቀቱ ይልቅ የጎዳቸው «የት ቀረ?» ባይ ማጣታቸው ነው።

ለነገሩ ከስክሪን መማር ብርቃችን አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣልን ነበር። ፕላዝማው ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፣ መልሱንም ራሱ ይናገራል። እጅ ቢወጣ የሚያየው የለም። ያኔ ያተረፈን ተጨናንቀን መቀመጣችን ነው፤ ያልገባው ጎኑ ያለውን ይጎሽማል፣ የተጎሸመውም ባይገባው ሁለቱም ይስቃሉ። በ2012 የቀረብን ይኸው መጎሻሸም ነው።

የእህቴ ልጅ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤቷ ቻናል ከፈተ፤ መምህራኑ መልመጃውን በስልክ ፎቶ እያነሱ ይለጥፋሉ። ስልኩ የእናቷ ነው፤ ጠዋት ሥራ ይሄዳል፣ ማታ ባትሪው አልቆ ይመለሳል። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ምንም ሳታነብ ከረመች፤ ማንም አላወቀም። ቻናል ተከታዮቹን ይቆጥራል እንጂ ቀሪውን አያውቅም።

ያወጧት ጓደኞቿ ናቸው። አራት ሆነው የራሳቸውን ግሩፕ ከፈቱ፤ ስለ ትምህርት የሚወራበት ጥቂት፣ ስለ ፀጉር የሚወራበት ብዙ። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፤ እስከ ማታ ድምፅዋ ያልተሰማ ይደወልላታል። ካርድ ያለቀባት ሚስኮል ታደርጋለች፤ እሱም «አለሁ» ማለት ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ ቻናሉም ግሩፑም ዝም አሉ። ሚስኮሉ ግን አላቆመም። ለካስ የያዛቸው ሕጉ ነበር፤ ቴሌግራሙማ ተቋርጧል።

ትልልቆቹ ይህን ከጥንትም እናውቀዋለን። ዕድር ቀሪን ይቀጣል። ብዙዎቻችን በቅጣቱ እናጉረመርማለን (እኔም ከፍዬ አውቃለሁ፣ እየተነጫነጭሁ)፤ ነገር ግን የሚቀጣ ማኅበር የአባሉን አለመምጣት ያየ ማኅበር ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ በሰፈራችን ድንኳኑም ንፍሮውም ቀረ። ገንዘብ ያዡ ግን ወርኃዊውን መዋጮ በየበሩ እየዞሩ መሰብሰብ ጀመሩ። ከደጅ ቆመው «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ይላሉ፤ መልስ ካልመጣ አይንቀሳቀሱም። ሳንቲሙ ሰበብ ነበር ብል ግን አጋነንሁ፤ ሳንቲሙንም አጥብቀው ይፈልጉታል።

ይህ ቁጥጥር ነው የሚል ይኖራል። ነው። «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ሰላምታችንም ግማሹ ወቀሳ ነው፤ ሰው የጠፋው ለራሱ ሳይሆን ለእኛ ነው ይላል። ብቻውን መሆን ለሚወድ ሰው ሸክም ነው፤ አልክድም። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ማንም ሳያስተውላት መጥፋት ነጻነት አይደለም። ሬዲዮም መብራትም በሌለበት ገጠር ላለው ልጅ ደግሞ የስም ጥሪ ጉዳይ ብቻውን ምንም አይፈታም፤ የእሱ ችግር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቢሆንም ስማርትፎን በሌለው ቤት እንኳ መምህሩ በሳምንት አንዴ በተራ ስልክ ስም ቢጠራ ብዙ ባልፈጀ ነበር። ጥረቱ ሁሉ ይዘቱን ማድረስ ላይ ወደቀ፤ ደረሰ ወይስ አልደረሰ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

በ2013 ትምህርት በየተራ ሲከፈት የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ገባች። በመጀመሪያው ቀን መምህሯ መዝገቡን ዘርግተው ስም ጠሩ። አንዷ ልጅ ስሟ ሁለቴ ተጠራ። ሁሉም ወደ ኋላ ወንበር ዞረው ጠበቁ፤ ማንም ምንም አላለም።