ለቀብር እናዋጣለን፤ ለሕክምናስ?

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል። ነገ ደግሞ እኛው እናስተምረዋለን። ይሁንና መጠንቀቅ ሲባል እጅ መታጠብና ውሃ ማፍላት ብቻ ይመስለናል። የሕክምናውን ገንዘብ አስቀድሞ ማሰናዳትስ ጥንቃቄ አይደለም እንዴ?

ከግል ኢንሹራንስ ኩባንያ የጤና ዋስትና የሚገዛ ሰው ሲገኝ «የሀብታም ቅንጦት ነው!» ሲባል እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ሰው ዋስትና የሚገባው ሕመም ቀጠሮ ስለማይሰጥ ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል የተባለ ሰው እንደ ገበያ ዕቃ «ዋጋው ሲረክስ እመለሳለሁ» ሊል አይችልም። ወይ በሬውን ይሸጣል፣ ወይ ይበደራል፣ አለዚያም ሕመሙን ችሎ ይቀመጣል። ዋስትና ያለው ግን ጥቂት በጥቂት አስቀድሞ ከፍሏልና ሐሳቡ መዳን ብቻ ይሆናል።

ኧረ ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳም አይደለም! ዕድር ማለት ምን ማለት ነው? መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅ ቀን በየወሩ ማዋጣት ነው። የሚያሳዝነው ለመቀበር የምናዋጣውን ያህል ለመዳን አለማዋጣታችን ነው።

እርግጥ ነው፣ የግሉ ዋስትና ጉድለት አለበት። ኩባንያ ትርፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዕድሜንና የቆየ በሽታን ይጠይቃል፤ ለሚከፍለውም ጣሪያ ያበጃል። በአገራችን ደግሞ በአብዛኛው የሚሸጠው ለድርጅቶች በጅምላ ስለሆነ፣ ገጠር የሚመደብ መምህር ብቻውን የሚደርስበት አይደለም።

በሌላ በኩል፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ተስፋፍቶ ብዙ ገበሬዎችን አቅፏል። ለደመወዝተኛው የታሰበው ግን ሌላ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ወጣ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታቀደ። ሥራ ላይ መዋሉ ግን ለብዙ ዓመታት ሲተላለፍ ቆየ። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት «ከደመወዛችን አይነካብን» የሚለው የሠራተኛው ማጉረምረም ነበር። ታዲያ ገበሬው የመድኅን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ ልጁን የሚያስተምረው መምህር ከኪሱ መክፈሉ አያስገርምም?

ስለዚህ መዋጮ ሲጠየቅ ቅናሹን ብቻ ሳይሆን የምንታመምበትንም ቀን እናስብ። በምንመደብበት ትምህርት ቤት ዕድር ስንገባም «ለታመመ አባል ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። ምንም የለም ከተባለ፣ ከባልደረቦቻችን ጋር መክረን እኛው እንጀምረው።