የአዝማሪው ዋጋ ስንት ነው?
ፎገራ በርብና በጉማራ ወንዞች ውኃ ያበቀለውን ሩዝ አጭዶ ከከተተ በኋላ ጥር ሲገባ፣ ወረታ ላይ ማሲንቆ የያዘ ሰው እንደ ጉድ ይፈለጋል። ከኪሱ ዕጣን አውጥቶ የደጋኑን ጭራ ያሻል፤ ከሠርጉ ድንኳን ጥግ አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል፤ እሱም ስንኙን ከአፉ ነጥቆ በዜማ አሳምሮ ይመልሳል። ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሠርግ ይቆማል፣ ማሲንቆውም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ገበሬው ጎተራ አለው፤ አዝማሪው ምን አለው? ይባስ ብሎ፣ እድምተኛው በስልኩ የቀረጸው ጨዋታ በቲክቶክ ሲዞር የተጫዋቹ ስም እንኳ አይጠቀስም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝም መብት ከሰጠ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሠርግ ድንኳን ግን አዋጅ አያነብም። «ሽልማቱ መች አነሰው?» የሚሉ አሉ። አልስማማም፦ ሽልማት የሞቅታ ስጦታ ነው፤ ዋጋ ግን በሰከነ ልብ፣ አስቀድሞ የሚቆረጥ ነው። ደጋሾች ሆይ፣ የበሬውን፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ሒሳብ ስትነጋገሩ የአዝማሪውንም ቁረጡ፤ ቪዲዮውን የምትለቁም ፈቃዱን ጠይቁ፣ ስሙንም ጻፉ።