የማያስታውስ ዘበኛ

ዘበኛ የሚቀጥር ሰው ሁለት ነገር አጣርቶ ይጠይቃል፤ «ሌሊት ይነቃል ወይ? እጁስ ንጹሕ ነው ወይ?» ይላል። ካሜራ የሚሰቅል ሰው ግን ሦስተኛ ጥያቄ መጨመር ይገባዋል፤ ይኸውም «ያየውን ነገር ስንት ቀን ያስታውሳል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የቀረ አንድ ወዳጄ ፍኖተ ሰላም ላይ የደረሰበትን ላጫውታችሁ፤ ከእናንተም መካከል ሱቅ ወይም መጋዘን ያለው ይጠቀምበት ይሆናል።

ወዳጄ የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴ ነው። ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ገበሬዎች እየገዛ በመጋዘኑ ያከማቻል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ መኪና ያስጭናል። መጋዘኑን ከፍቶ የሚዘጋ፣ ሚዛኑን የሚይዝ፣ ስድስት ዓመት አብሮት የሠራ አንድ ወጣት አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አራት ካሜራዎችና ሥዕሉን የሚቀዳ ዲ.ቪ.አር. የሚባል ሣጥን አስገጠመ። ከዚያን ቀን ወዲህ «አሁንስ እፎይ ብዬ እተኛለሁ» እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገር ነበር።

ባለፈው ኅዳር የወሩን ሒሳብ ሲያወራርድ አንድ ኩንታል በርበሬ ጎደለው። መዝገቡን ገልብጦ ቢያይ፣ ጉድለቱ የመጣው ከዘጠኝ ቀን በፊት በዋለው ገበያ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መኪና በተጫነ ጊዜ መሆኑን ገመተ። «ግድ የለም፤ ካሜራው ይነግረኛል» ብሎ ሣጥኑን ከፈተ። የዚያን ቀን ሥዕል ግን ፈጽሞ የለም። ተገርሞ የትናንቱን ቀን 3 ሰዓት ብሎ ቢፈልግ፣ በዚያ ሰዓት ዕቃ ሲጫን በዓይኑ ያየ ሆኖ ሳለ፣ የታየው ሰው የሌለበት ጭር ያለ መጋዘን ነው። በዚህ ጊዜ ወዳጄ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጁ መሣሪያውን ነካክቶ አጥፍቶብኛል» አለ።

ወጣቱ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አላገኘም። ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ቤቱ ሄደ። በትንሽ ከተማ ወሬ ከመኪና ይቀድማል፤ አንድ ጊዜ «ሌባ» የተባለን ልጅ ደግሞ ሌላ መጋዘን የሚያስገባው የለም።

እኔ በማግሥቱ ከቡሬ ስመለስ ወሬውን ሰማሁ። ሰው ከመክሰስ አስቀድሞ ዕቃውን መመርመር ይሻላል ብዬ ካሜራ የሚጠግን አንድ ባለሙያ ይዤ ሄድኩ። ባለሙያው ሁለቱንም እንቆቅልሽ ለመፍታት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

የመጀመሪያው የሰዓት ነገር ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በእርሱ 9 ሰዓት ነው፤ እርሱ 3 ሰዓት የሚለው ደግሞ የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ወዳጄ ጠዋትን ሲፈልግ ሌሊትን አገኘ፤ በዚያ ሰዓት መጋዘኑ ጭር ማለቱ ምን ያስገርማል? ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ብላችሁ የምትፈልጉት በመሣሪያው ላይ በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 21 ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው የዲስኩ ነገር ነው። በሣጥኑ ውስጥ ሥዕሉ የሚጻፍበት ሃርድ ዲስክ አለ። ይህ ዲስክ ሲሞላ ሣጥኑ ሥራውን አያቆምም፤ ከሁሉ የቆየውን እያጠፋ በላዩ አዲሱን ይጽፋል። የወዳጄ ዲስክ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ነበር። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በ24 ሰዓት 21.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ አራቱ ካሜራዎች በቀን 86.4 ጊጋባይት ማለት ነው። እንግዲህ 500ን ለ86.4 ብታካፍሉት ስድስት ቀን እንኳ አይሞላም። ወዳጄ የፈለገው ዘጠኝ ቀን ያለፈውን ነው። ሥዕሉን ማንም አላጠፋውም፤ ሣጥኑ ራሱ በተሠራበት ሕግ መሠረት ረስቶታል።

መሣሪያውንም አንወቅሰው። ዲስክ ባለበት ሃርድ ድራይቭ የሚሠራው የመጀመሪያው የአይ.ቢ.ኤም. መኪና እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ሲወጣ 50 ታላላቅ ሳሕን የመሰሉ ዲስኮች ነበሩት፤ ክብደቱ አንድ ቶን ያህል ሆኖ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። የወዳጄ አንድ ካሜራ ያንን ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል። ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝ ዲስክ የብዙ ሳምንት ሥዕል ይይዛል፤ የሚቀረው እንደ ሥራችን መጠን መርጦ መግዛት ነው።

ምርጫው እንዲህ ነው። ሒሳባችሁን የምታወራርዱት በየሠላሳ ቀኑ ከሆነ፣ የዲስኩ ማስታወሻ ከሠላሳ ቀን መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ግን ጉድለቱን ስታገኙት ምስክሩ ሄዷል። በአራት ካሜራ፣ ከላይ ባልኩት መጠን፣ 1 ቴራባይት 11 ቀን፣ 2 ቴራባይት 23 ቀን፣ 4 ቴራባይት 46 ቀን ያህል ያቆያል። ሣጥኑና ካሜራው ኤች 265 የሚባለውን አዲሱን አጠባበቅ የሚያውቁ ከሆነ፣ ከቀድሞው ኤች 264 በግማሽ ያህል ቦታ ይበቃቸዋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ማድረግም ቀኑን ያረዝማል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሣጥኑ እስከ ስንት ቴራባይት እንደሚቀበል ከመመሪያው ላይ እዩ፤ አንዳንዱ ከ6 በላይ አይቀበልም። ዲስኩም ሌት ተቀን ለሚቀዳ ሥራ የተሠራ ይሁን፤ የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ወይም የሲጌት ስካይሆክ የዚህ ዓይነት ናቸው። በቢሮ ኮምፒዩተር ልክ የተሠራ ዲስክ ያለ ዕረፍት ሲጻፍበት ቶሎ ሊደክም ይችላል።

አለዋወጡ ከባድ አይደለም። ሣጥኑን ከዝርዝሩ አጥፉት፤ ስፒናውንም ከግድግዳው ንቀሉ። በካቻቪቴ ክዳኑን ፍቱ። እጃችሁ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ አስቀድማችሁ የሣጥኑን ብረት ንኩ። ሁለቱን ገመዶች፣ የኤሌክትሪኩንና የመረጃውን፣ ከአሮጌው ዲስክ ነቅላችሁ ከአዲሱ ጋር በዚያው አኳኋን ግጠሙ፤ በብሎንም እሰሩት። ሣጥኑ ሲበራ አዲሱን ዲስክ ፎርማት እንዲያደርግ እዘዙት። ፎርማት ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ስለ ሆነ፣ አሮጌው ዲስክ ክርክር ካለበት አትንኩት፤ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ በመሳቢያ አኑሩት። ከዚያ ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ፤ በማግሥቱም የትናንቱን ሥዕል ከአራቱም ካሜራዎች ከፍታችሁ እዩ። ያልተፈተነ ዲስክ እንደ ተገጠመ አይቆጠርም።

በእኛ አገር ሁለት ነገር ይጨመር። መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ ሊጎዳ ይችላልና ዩ.ፒ.ኤስ. ያስፈልገዋል። ሣጥኑም ከበርበሬ አቧራ ርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ የወዳጄን ሣጥን ስንከፍተው ባለሙያው አሥር ጊዜ አነጠሰ።

ወዳጄ 4 ቴራባይት አስገባ። ከዚያም ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወደ ወጣቱ ቤት ሄደ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ይቅርታ ጠየቀና ቁልፉን ዘረጋለት። ልጁ አልተቀበለም። «ጋሼ፣ አዲሱ ዲስክ ስንት ቀን ያስታውሳል?» ሲል ጠየቀ።

«አርባ ስድስት ቀን» አለ ወዳጄ።

«እኔ እኮ ስድስት ዓመት አብሬዎት ነበርኩ» አለና ዝም አለ።

ወዳጄ አንገቱን ደፋ፤ የሚመልሰው አጣ። ልጁ ቁልፉን የተቀበለው ከሽማግሌዎቹ ብዙ ልመና በኋላ ነው። ያ ኩንታል በርበሬ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ማን እንደ ወሰደው፣ ወይም በቆጠራ ስሕተት ከመኪና ላይ ተጭኖ እንደ ሄደ፣ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፤ ካሜራ ያላችሁ ዛሬ ማታ ሣጥኑን ከፍታችሁ ከሁሉ የቆየው ሥዕል የስንት ቀን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ያነሰ እንደ ሆነ ዲስኩን ለውጡ። ሥዕሉ ጠፍቶ ባገኛችሁት ጊዜ ግን ባዶው ቦታ በማንም ላይ ምስክር አይሁን፤ ሣጥኑ የረሳውን ነገር በሰው ስም አትሙሉት።