«እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው»



እኛ በምናስተምርበት በካፋ ምድር፣ በደካ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህር ድምፅ አይሰማም። እንዲህ ባለ ቀን ገለጻውን ትተን ተማሪዎቹ ለየራሳቸው የሚያነቡት አጭር ታሪክ እናድላለን። ባለፈው ሰሞን ያደልነው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የዶክተር ጄኪልንና የሚስተር ሀይድን ታሪክ ነበር፤ ለተማሪ እንዲመች አሳጥረን።

ለማያውቀው በአጭሩ እንንገረው። ጄኪል በለንደን የተከበረ ሐኪም ነው። በሰው ፊት ጨዋ ሆኖ መታየት ይወዳል፤ በስውር ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ያምረዋል። ሁለቱንም ላለማጣት አንድ መድኃኒት ቀመመ። ሲጠጣው መልኩም ጠባዩም ይለወጥና ሀይድ የሚባል ክፉ ሰው ይሆናል፤ ደግሞ ሲጠጣው ወደ ጄኪልነቱ ይመለሳል። ሀይድ አንድ ሌሊት ትንሽ ልጅ ረግጦ አለፈ። ቆይቶም ሰር ዳንቨርስ ካሩ የተባሉትን ሽማግሌ በዱላ ቀጥቅጦ ገደለ። ጄኪል ግን ጥፋቱን ሁሉ በሀይድ ላይ እየጣለ ኅሊናውን ያስተኛ ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጥያቄ ጠየቅን፦ በነፍስ ግድያው የሚጠየቀው ማነው? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ የገደለው ሀይድ ነው፤ ጄኪል ምን አደረገ?» አለ። አንዲት የካፋ ልጅም እጇን አወጣች። «አያቴ ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ በአላሞው ላይ ኤቆ ሲወርድ የሚናገረው አላሞው ሳይሆን ኤቆው ነው። እንግዲያው ሀይድ ሲገድል ጄኪል የት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄዋ ከአገሯ የወጣ ነው። በካፋ የቆየ እምነት ኤቆ የሚባለው መንፈስ በአላሞው አንደበት ይናገራል፤ ሰዎችም ችግራቸውን ይዘው ወደ እርሱ ይሄዳሉ። በሰሜኑ አገራችንም ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ፈረሱ ይጋለባል እንጂ መንገድ አይመርጥም ማለት ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የዛርን ሥርዓት የተከታተለው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ፣ ባለዛሮች የሚያደርጉትን ነገር በጊዜው ሰፍሮባቸዋል ለሚባለው ዛር እንደሚሰጡ አስተውሏል። በኋላም እነዚህን ዛሮች ሰው እየቀያየረ ከሚለብሰው ልብስ ጋር አመሳስሏቸዋል። ጄኪልም በመጽሐፉ ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሀይድን እንደ ካባ ደረበው፤ እንደ ካባም አወለቀው።

ይህ ሁሉ የልብ ወለድ ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከተማሪዎቻችን አንዱ በሐሰት ስም የፌስቡክ ገጽ ከፍቶ አንዲትን የክፍል ጓደኛውን ሲሰድብና ስሟን ሲያጠፋ መክረሙ ታወቀ። ልጅቷ አራት ቀን ከትምህርት ቀረች። ልጁን ለብቻው ጠርተን ብንጠይቀው፣ «እኔ እኮ አልተሳደብኩም፤ ያ ገጽ የቀልድ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው ሰው እኔ አይደለሁም» አለን። በጠባዩ ዝምተኛና ታዛዥ ልጅ ነው። እያታለለን አልመሰለንም፤ የገዛ ራሱን ያታለለ ነው የመሰለን።

እንግዲህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ምሕረት የሚገባውን ሰው እንለይ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሰዎች ኃጢአት እንደማይጻፍባቸው አስተምረውናል፤ የተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ሕፃን እስኪጎለምስ፣ አእምሮውን የሳተም እስኪመለስለት ድረስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የሚሠራውን ለማወቅ ወይም ራሱን ለመግዛት ያልቻለን ሰው ከወንጀል ኃላፊነት ነፃ ያደርገዋል። በቤታችን የአእምሮ ሕመምተኛ ካለ ወደ ሐኪም ይወሰድ እንጂ አይሰደብ፣ አይታሰር፣ «እያወቀ ነው» አይባል። ያም ሆኖ ዑለማዎቻችን አንድ ነገር አክለዋል፦ ከሕፃን ወይም አእምሮውን ከሳተ ሰው ኃጢአቱ ቢነሳም የሰበረው ዕቃ ዋጋ ከገንዘቡ ይከፈላል። የተበዳዩ መብት ከበዳዩ ሕመም ጋር አይጠፋም።

ጄኪል ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነውን? ሕፃን አይደለም፤ ሐኪም ነው። የተኛም አይደለም፤ ጽዋውን ያነሳው ነቅቶ ነው። ሀይድ የረገጣት ልጅ ቤተሰቦች ካሣ ሲጠይቁ ቼኩ የተፈረመው በጄኪል ስም ነበር። ለሀይድ ቤት ያዘጋጀለት፣ አሽከሮቹን እንዲታዘዙት ያዘዘው፣ ሀብቱንም በኑዛዜ ያወረሰው ጄኪል ነው። ፈርቶ መድኃኒቱን ለሁለት ወር ሲተው እንኳ የሀይድን ቤት አልለቀቀም፤ ልብሱንም አላቃጠለም። ከምንም በላይ ያሳዘነን ይህ ነው። በአፉ ተውባ ያደረገ ሰው በጓዳው የኃጢአቱን ልብስ አስቀምጦ ነበር። ሽማግሌው የተገደሉት ከዚያ በኋላ ነው።

የካፋዋ ልጅ አሁንም አልለቀቀችንም። «በመጨረሻ ግን መድኃኒት ሳይጠጣ በራሱ ጊዜ ይለወጥ ነበር፤ ያኔስ?» አለች። መልካም ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት በገዛ ፈቃዱ የሰከረ ሰው በስካሩ ሳለ በሌላው ላይ ላደረሰው ወንጀል ይጠየቃል ብለዋል። የአገራችን ሕግም በአንቀጽ 50 ወንጀል ሊፈጽም ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው እንደማያመልጥ፣ አደጋውን እያወቀ በቸልታ ራሱን ለዚያ ያጋለጠም በቸልተኝነት እንደሚጠየቅ ደንግጓል። ጄኪል በመጨረሻው ሰዓት እጁ ታስሮ ይሆናል፤ ገመዱን የገመደው ግን ራሱ ነው።

ቁርኣን ስለ ሰው ነፍስ ሲናገር በሱረቱ ዩሱፍ (53) ወደ ክፉ አዛዧን፣ በሱረቱ አል-ቂያማ (2) ራሷን ወቃሿን፣ በሱረቱ አል-ፈጅር (27) የረጋችዋን ነፍስ ይጠቅሳል። መድረሳ ሳለን እነዚህ ሦስት ሰዎች ይመስሉን ነበር። ኡስታዛችን ግን አንዲት ነፍስ በሦስት ሁኔታ መሆኗን አስረዱን። መዝገቧም አንድ ነው። በሱረቱ ቃፍ (27) ከሰው ጋር የተቆራኘው ቀሪን እንኳ በዚያ ቀን እኔ አላሳመጽኩትም፣ በራሱ የጠፋ ነበር ብሎ ይከዳዋል። በሱረቱ ኢብራሂም (22) ደግሞ ሸይጧን ከመጥራት በቀር ሥልጣን እንዳልነበረው ተናግሮ ወቀሳውን ወደ ራሳቸው ይመልሰዋል። ሰው «እሱ ነው» ሲል እሱ የተባለው «እኔ አይደለሁም» ይላል። ታዲያ ጥፋቱ ባለቤት አጥቶ ይቀራል?

በሌላ ሰው ብቻ እንዳንፈርድ የራሳችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደክመን ከሥራ ገብተን ሻይ ያፈሰሰውን የሰባት ዓመት ልጃችንን በጥፊ መታነው። ልጁ ሲያለቅስ፣ «ሸይጧን አሳስቶን ነው» አልን። ቤታችን በእንግድነት የነበሩት እማማ፣ የባለቤታችን እናት፣ ከመስገጃቸው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ሸይጧን ይወሰውሳል እንጂ መዳፍ የለውም። መዳፉ ያንተ ነው፤ ልጁን ይቅርታ ጠይቀው» አሉን። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ያን ቀን ከብዶን ነበር። ከጠየቅን በኋላ ግን እጃችን ሊነሳ ሲል የእማማ ቃል ይይዘናል። ኃላፊነትን መቀበል ቅጣት ብቻ የሚመስለው ይሳሳታል፤ ልጓምም ነው። «እሱ ነው» ያለ ሰው ልጓሙን ለዚያ ለሌላው ሰጥቷል።

ለተማሪያችንም የነገርነው ይህንኑ ነው። ገጹን ያልከፈተ ሰው በገጹ አይጠየቅም፤ የከፈተው ግን በምንም ስም ቢጠራው ጣቶቹ የእሱ ናቸው። በሱረቱ ያሲን (65) በዚያ ቀን አፍ ተዘግቶ እጅ ይናገራል፤ እግርም ይመሰክራል። እጅ ደግሞ የሐሰት ስም አያውቅም። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም በዚያው ገጽ ላይ በእውነተኛ ስሙ ጥፋቱን አምኖ ጻፈ፤ ስድቡን አጥፍቶ ገጹን ዘጋ። ከአባቱ ጋር ሆኖም ወደ ልጅቷ ቤት ሄደ። ልጅቷ ወደ ክፍል ተመልሳለች፤ ይቅር ማለቷን ግን እስካሁን አልተናገረችም። እኛም አላጣደፍናትም፤ መብቱ የእሷ ነውና።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አጥፍቶ «እኔ አይደለሁም» ቢላችሁ ከቁጣ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። በሩን የከፈተው ማነው? ከበሩ ምን እንደሚወጣ ካወቅህ በኋላ ዘጋኸው ወይ? ለተጎዳውስ ምን ከፈልክ? እነዚህን ሦስቱን እኛ ታላላቆቹም ከመተኛታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። በቁጣችን፣ በምርቃናችን፣ በስልካችን ጀርባ የምናሳድረው ሀይድ ካለ፣ ልብሱን በጓዳ አናስቀምጥለት።

አላህ ከነፍሳችን ክፋት ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም። የወር ሰው ይበለን።