ቴሌ ማለት ሩቅ ማለት ነው

«ቴሌ ባዕድ ቃል ነው፣ በአማርኛ ይተካልን» የሚሉ አሉ። የሚሉትም በቴሌግራም ነው!

ሰዋስዋችን ራሱ እንዲህ ያለውን ቅጥያ «ባዕድ መነሻ» ይለዋል። ቴሌ በግሪክኛ «ሩቅ» ማለት ነው፤ እንግሊዙም ፈረንሳዩም ተውሶታል። ጀርመን ተርጉሞ ቴሌቪዥንን «ሩቅ ማየት» አለው። የእኛው «ስልክ» ደግሞ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ ሞባይሉ ሽቦ የለውም፣ ስሙ ግን አለ። ማን ተጎዳ?

ጉዳቱ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ቴሌ ቅጥያነቱ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት ስም ሆኗል። መካነ ኢየሱስ ላይ «ቴሌ የት ነው?» ብትሉ ቢሮውን ያሳዩአችኋል። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲመጣ ሩቁን ሊያቀርብ ነበር። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ግን ቃሉ ወደ ግሪክኛው ተመለሰ፤ ለእስቴ ሰው አዲስ አበባ ያለ ልጁም፣ የገበያ ዋጋውም፣ ወሬውም ሩቅ ሆነ።

አማርኛን የሚጎዳው የተዋሰው ቃል ሳይሆን ተናጋሪዎቹ እርስ በርስ እንዳይገናኙ መደረጉ ነው። ስለዚህ ቃሉን ተዉት፤ መስመሩን ጠይቁ።